ምዕራፍ 7፦ ሁለት ሰው የሚያስይዝ አንድ ሰው

እስካሁን ዓይናችን ኳሷ ላይ ነበር። በምዕራፍ 5 አጥቂው ቡድን አሥር ያርድ ለመራመድ አራት ሙከራ እንደሚሰጠው አይተናል። በምዕራፍ 6 ደግሞ ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሷን ተቀብሎ የሚወረውረውና ቡድኑን የሚመራው ተጫዋች፣ ሦስት ሰከንድ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ሜዳውን አንብቦ ኳሷን መልቀቅ እንዳለበት ተረድተናል። ይህ ምዕራፍ ያችን አጭር ጊዜ ይበልጥ ስለሚያሳጥረው ሰው፣ ስለ ተከላካዩ ነው።

ከተከላካዮች ሁሉ የመረጥኩት አሮን ዶናልድን ነው። በኤንኤፍኤል፣ ማለትም በአሜሪካን ፉትቦል የባለሙያዎች ሊግ፣ ከ2014 ጀምሮ ለአሥር የውድድር ዘመን ተጫውቷል (በዚህ ምዕራፍም ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በእነዚያ ዓመታት 111 ሳክ አስመዝግቧል። ሳክ የሚባለው ኳርተርባኩን ኳሷን ሳይወረውር፣ ጨዋታው ከተጀመረበት መስመር ኋላ መጣል ነው። 111 ትልቅ ቁጥር ነው። ዶናልድ ለቡድኑ ካበረከተው ነገር ግን ግማሹን እንኳ አይናገርም። ሌላው ግማሽ በሌሎች ተጫዋቾች ስም ተመዝግቧል፤ እንዴት እንደዚያ ሊሆን እንደቻለ ከገባን፣ በዚህ ጨዋታ መከላከል ማለት ምን እንደሆነ ገባን ማለት ነው።

አምስት ለአራት

ሁለቱም ቡድኖች ሜዳ ላይ 11 ሰው አላቸው። ከአጥቂዎቹ 11 አንዱ ኳርተርባኩ ነው። አምስቱ ኳስ ለመቀበል የተፈቀደላቸው ሯጮችና ተቀባዮች ናቸው። የቀሩት አምስት ግዙፎች ሥራቸው ኳርተርባኩን ከፊት ሆኖ መጠበቅ ነው። መሐል ላይ ያለው ሴንተር ኳሷን በእግሮቹ መሐል ወደ ኋላ ያቀብላል፤ በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች ይቆማሉ፤ ከእነሱ ወዲያ ጫፍና ጫፍ ላይ ሁለት ታክሎች አሉ። ተከላካዩ ቡድን ደግሞ ብዙውን ጊዜ አራት ሰው ወደ ኳርተርባኩ ይሰድዳል፤ ሰባቱን ተቀባዮቹን እንዲከታተሉ ያስቀራል።

ስለዚህ ስሌቱ አምስት ጠባቂ ለአራት ገፊ ነው። አንድ ጠባቂ ይተርፋል።

እህል በደረሰበት ወር፣ ማሳ ዳር አራት ከብት የሚጠብቁ አምስት ልጆችን አስቡ። አራቱ ልጆች አንዳንድ ከብት ይይዛሉ፤ አምስተኛው እጁ ባዶ ስለሆነ ያፈተለከውን ሮጦ ይመልሳል። ከአራቱ ከብት አንዱ ኃይለኛ ኮርማ ቢሆንና አንድ ልጅ ባይበቃውስ? አምስተኛው ልጅ ለእርዳታ ወደዚያው ይሄዳል። አሁን ሦስት ልጆች ከሦስት ከብት ጋር አንድ ለአንድ ቀሩ፤ ደራሽ የላቸውም። ከሦስቱ አንዷ ጊደር ብታመልጥ ማሳው ውስጥ ናት። እህሉን የበላችው ጊደሯ ናት፤ ያስበላው ግን ኮርማው ነው።

ዶናልድ ኮርማው ነበር። ወደ ኳርተርባኩ በገሰገሰባቸው አጋጣሚዎች ከግማሽ በላይ በሆኑት ሁለት ሰው ይይዘው ነበር። ይህንን አያያዝ የጨዋታው ሰዎች ደብል ቲም ይሉታል። ሁለቱም ሳይበቁ የቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ጊዜ አሰልጣኙ ሦስተኛ ሰው ይፈልጋል፤ ሦስተኛው የሚመጣው ግን ከተቀባዮቹ ነው። ሯጩን «አንተ ዛሬ ኳስ አትጠብቅ፣ እዚህ ቆመህ አግዝ» ይለዋል። አምስት የነበሩት ተቀባዮች አራት ሆኑ፤ እነሱን የሚከታተሉት ተከላካዮች አሁንም ሰባት ናቸው። ዶናልድ ማንንም ሳይነካ፣ ሃያና ሠላሳ ያርድ ርቆ የሚሮጠውን ተቀባይ በሰው ብዛት አስከበበው ማለት ነው።

የቆመበት ቦታም ነገሩን ያከብደዋል። ዶናልድ ዲፌንሲቭ ታክል ነበር፤ ይህ ከመስመሩ መሐል ላይ የሚቆም ተከላካይ ነው። ከጫፍ የሚመጣ ተከላካይ ዙሪያ ጥምጥም ስለሚሮጥ ኳርተርባኩ አንድ ሁለት እርምጃ ወደፊት ቢራመድ ሊያልፈው ይችላል። ከመሐል የሚመጣው ግን ያንኑ የማምለጫ በር ይዘጋል። በዚያው ልክ መሐል ላይ ሴንተሩና ጋርዶቹ ትከሻ ለትከሻ ስለሚቆሙ ሁለት ሆኖ መያዝ ቀላል ነው፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ሳክ የሚያስመዘግቡት የጫፍ ሰዎች ናቸው። ዶናልድ በ2018 በአንድ የውድድር ዘመን 20.5 ሳክ ሲያስመዘግብ (ግማሿ የመጣችው ሁለት ሰው አንድ ኳርተርባክ አብረው ሲጥሉ ስለሚካፈሉት ነው)፣ የሚኒሶታ ቫይኪንግሱ ኪት ሚላርድ በ1989 ያስመዘገበውንና ለመሐል ተከላካዮች ክብረ ወሰን የነበረውን 18 ሰበረ። ለእኔ በዚህ ስፖርት ካሉት ቁጥሮች ሁሉ አስገራሚው ይህ ነው።

ከንጋቱ በፊት፣ ምድር ቤት ውስጥ

አሮን ዶናልድ በ1991 ፒትስበርግ ተወለደ፤ የፔንስልቬንያ ከተማ ናት። አባቱ አርቺ ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ የክብደት ማንሻ አዘጋጅተው፣ ልጁን ከንጋቱ በፊት በአራት ሰዓት ተኩል፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ይቀሰቅሱት ነበር። አባትና ልጅ አብረው ክብደት ካነሱ በኋላ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ዶናልድ ስለ ሥራ ልምዱ ሲጠየቅ እስከ መጨረሻው የሚያነሳው ይህንን ምድር ቤት ነው።

በፔን ሂልስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጎበዝ ተጫዋች ነበር፤ ሆኖም ተማሪዎችን በኮከብ የሚመዝኑት መልማዮች ከአምስት ሦስት ኮከብ ብቻ ሰጡት። ምክንያቱ ቁመቱ ነበር። ለመሐል ተከላካይ አጭር ነው ተባለ። ታላላቆቹ የፉትቦል ዩኒቨርሲቲዎች አልፈለጉትም፤ የሚፈልጉት ጥቂት ነበሩ፤ ከጥቂቶቹ አንዱ የከተማው የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ስለነበር እዚያው አገሩ ቀረ።

ከኢትዮጵያ ለሚያነቡ አንድ ነገር ላስረዳ። በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል የተማሪዎች መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ ወደ ባለሙያው ሊግ የሚያስገባው ዋናው በር ነው፤ ስታዲየሞቹም በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው ይይዛሉ። በዶናልድ ጊዜ ተጫዋቹ የሚያገኘው የትምህርት ወጪውን የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ነበር። ከዚያ ሌላ በስሙና በዝናው ገንዘብ ማግኘት ክልክል ነበር፤ ሕጉ የላላው በ2021 ነው። 

ዶናልድ በ2010 በዩኒቨርሲቲው ተቀያሪ ሆኖ ጀመረ። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ዋና አሰልጣኞች ተቀያየሩበት፤ እያንዳንዱ የራሱን አሰላለፍ ይዞ ይመጣል፤ ለወጣት ተጫዋች ይህ ከባድ ነው። እሱ ግን በ2011 ቋሚ ተሰላፊ ሆኖ 11 ሳክ አስመዘገበ። በመጨረሻው ዓመቱ፣ በ2013፣ ተጋጣሚዎቹን ከመነሻው መስመር ኋላ 28.5 ጊዜ ጣለ። ይህ ከአገሪቱ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ከጆርጂያ ቴክ ጋር በተደረገ በአንድ ጨዋታ ብቻ ስድስት ጊዜ አደረገው። በዚያ ዓመት ለተከላካዮችና ለመስመር ተጫዋቾች የሚሰጡትን አራት ታላላቅ ሽልማቶች፣ ናጉርስኪን፣ ቤድናሪክን፣ አውትላንድንና ሎምባርዲን፣ ጠቅልሎ ወሰደ።

ቡድኑ ግን በዚያው ዓመት ሰባት አሸንፎ ስድስት የተሸነፈ መካከለኛ ቡድን ነበር። ይህንን የምጠቅሰው ቀደም ካለው ስሌት ጋር ስለሚገናኝ ነው። ኮርማው ሁለት ልጆች ቢይዝም፣ ያልተያዙት ከብቶች ካላመለጡ ማሳው አይነካም። አንድ ተከላካይ ሌላውን ነፃ ሊያወጣ ይችላል፤ በነፃነቱ መጠቀም የሌላው ፈንታ ነው።

ሚዛኑና ሜትሩ

ኤንኤፍኤል በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን የሚያከፋፍልበት ሥርዓት ድራፍት ይባላል። ባለፈው ዓመት የከፋ ውጤት ያመጣው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል። ከምርጫው በፊት ወጣቶቹ ኢንዲያናፖሊስ ተሰብስበው ይለካሉ፣ ይመዘናሉ፣ ይሮጣሉ። ዶናልድ በ2014 ሲለካ 1.85 ሜትር አካባቢ ቁመትና 129 ኪሎ ክብደት ነበረው። ለተራ ሰው ግዙፍ ነው፤ ከፊቱ የሚቆሙት ጋርዶች ግን ብዙዎቹ 140 ኪሎ ያልፋሉ። 40 ያርዱን፣ ማለትም 36.6 ሜትሩን፣ በ4.68 ሰከንድ ሮጠ፤ 102 ኪሎ ብረት 35 ጊዜ ከደረቱ ገፋ። ከሯጮች ጋር የሚቀራረብ ፍጥነት ነው፤ 129 ኪሎ ተሸክሞ ነው ያመጣው።

ይህም ሆኖ 12 ተጫዋቾች ቀደሙት። ያን ጊዜ መቀመጫው ሴንት ሉዊስ የነበረው ራምስ ቡድን በ13ኛው ተራ ወሰደው። ራምስ ራሱ የሁለተኛነት ተራም ነበረው፤ በዚያ የመረጠው ሌላ ሰው፣ አጥቂ መስመር ላይ የሚጫወት ታክል ነበር። ሜትር የሚለካው ቁመትን ነው። ተከላካዩ መስመር ላይ ዝቅ ብሎ ሲገፋ ምን እንደሚፈጠር የሚለካ ሜትር የለም።

ዝቅ ያለ ትከሻ፣ የተፈታ እጅ

ሁለት ሰው ደረት ለደረት ሲገፋፋ፣ ትከሻው ዝቅ ያለው ያሸንፋል። እጁን ከሌላው ብብት በታች ያስገባል፣ ሽቅብ ያነሳዋል፤ ተረከዙ ከመሬት የለቀቀ ሰው ምንም ቢከብድ ጉልበቱን አይጠቀምበትም። ረጅም ጋርድ ከዶናልድ ጋር እኩል ዝቅ ለማለት ጉልበቱን አጥፎ መቀመጥ ነበረበት፤ ዶናልድ ግን ተፈጥሮው እዚያው ነበር። መልማዮች ጉድለት ያሉት ቁመት ሜዳ ላይ ጥቅሙ ሆነ።

ቀጥሎ እጅ አለ። ጠባቂው የሚፈልገው ሁለት እጁን የተከላካዩ ደረት ላይ መትከል ነው፤ አንዴ ከተከለ ተከላካዩ አበቃለት። ስለዚህ የትግሉ ዋና ክፍል የሚያልቀው በመጀመሪያዋ ቅጽበት ነው። ዶናልድ በእረፍት ወራት ፒትስበርግ ውስጥ ከአሰልጣኙ ጋር በልምምድ ቢላ ይሠለጥን ነበር። አሰልጣኙ የማይቆርጠውን ቢላ ወደ ደረቱ ይሰነዝራል፣ እሱ የእጁን አንጓ መትቶ ያስቀይሳል፤ እንደገና ይሰነዝራል፣ እንደገና ያስቀይሳል። ቢላው የጋርዱ እጅ ምትክ ነው።

ቀረብ ብለን እንየው። ሴንተሩ ኳሷን ሊያነሳ ጣቶቹ ሲጠብቁ ዶናልድ ያያቸዋል። ኳሷ ስትነሳ የእሱም የመጀመሪያ እርምጃ ተነስቷል፤ ጋርዱ ገና አንድ እግሩን ወደ ኋላ እየሳበ ነው። ጋርዱ እጁን ይዘረጋል። ዶናልድ በአንድ እጁ አንጓውን ወደታች ይመታዋል፣ በዚያው ቅጽበት ዳሌውን ያዞራል፤ አሁን ጋርዱ የሚገፋው ደረት የለም፣ ያለው የአንድ ትከሻ ጠርዝ ብቻ ነው። ሌላኛው ክንዱ በጋርዱ ጀርባ በኩል ይጠመዘዛል፤ ከዚያ በኋላ በዶናልድና በኳርተርባኩ መሐል ማንም የለም። ይህ ሁሉ የሚያልቀው «አንድ» ተብሎ ሳይጨረስ ነው።

ጎረቤቶቹ

በመጀመሪያ ዓመቱ 9 ሳክ አስመዝግቦ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተከላካይ ተባለ። በ2016 ቡድኑ ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ። በ2017፣ በ2018ና በ2020 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ሆኖ ተመረጠ። በተጫወተባቸው አሥር ዓመታት ሁሉ ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጧል፤ ስምንት ጊዜ የሊጉ የዓመቱ አንደኛ ምርጥ ቡድን ውስጥ ገብቷል። የሽልማቱ ዝርዝር ይህ ነው። የምዕራፋችንን ጉዳይ በደንብ የሚያሳየው ግን ከእሱ ጎን የተሰለፉት ሰዎች መዝገብ ነው።

ዳንቴ ፋውለር የጫፍ ተከላካይ ነው። ጃክሰንቪል በነበረበት ጊዜ ያስመዘገበው ትልቁ ቁጥር 8 ሳክ ነበር። ወደ ራምስ መጥቶ በ2019 ከዶናልድ ጋር ሙሉ ዓመት ሲጫወት 11.5 አመጣ። በዚህ ቁጥር ጥሩ ውል አግኝቶ ወደ አትላንታ ሄደ፤ በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ያስመዘገበው 3 ብቻ ነው። ራምስ በእሱ ቦታ ሌናርድ ፍሎይድን አመጣ። ፍሎይድ በቺካጎ የመጨረሻ ዓመቱ 3 ሳክ ብቻ ይዞ ከቡድኑ የተሰናበተ ሰው ነበር። በራምስ የመጀመሪያ ዓመቱ 10.5 አስመዘገበ።

አሰልጣኝ ይለያያል፣ ጤና ይለያያል፤ ሁሉንም ልዩነት ለአንድ ሰው መስጠት ተገቢ አይደለም። ነገር ግን አንዱ ሲመጣ ከፍ፣ ሲሄድ ዝቅ፤ ሌላው ዝቅ ብሎ መጥቶ ከፍ ሲል፣ ያልተለወጠው ከጎናቸው ሁለት ሰው ይዞ የቆመው ሰው ነው። ፋውለርም ፍሎይድም ፍጥነት ነበራቸው፤ ራምስ የሰጣቸው የጫፉን ታክል ለብቻው፣ ያለ ደራሽ ማግኘትን ነው። በ2018 ራምስ ለዶናልድ የስድስት ዓመት የ135 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲፈርምለት፣ እስከዚያች ቀን ለተከላካይ ከተከፈለው ሁሉ የሚበልጥ ነበር (በማግስቱ ካሊል ማክ በቺካጎ 141 ሚሊዮን አገኘ)። ቡድኑ የከፈለው ለ111ዱ ብቻ አልነበረም።

ሁለት የመጨረሻ ጨዋታዎች

ሱፐር ቦውል የዓመቱ ዋንጫ ጨዋታ ነው። ዶናልድ ሁለት ጊዜ ደረሰበት።

የመጀመሪያው በየካቲት 2019 ከኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ጋር ነበር። ፓትሪየትስ ዶናልድን ሁለት ሆነው መያዝን ዋና ሥራቸው አደረጉት፤ ኳርተርባካቸው ቶም ብሬዲም ኳሷን ቶሎ ቶሎ ይለቅ ነበር። ዶናልድ አንድም ሳክ አላገኘም፤ ራምስ 13 ለ 3 ተሸነፈ። ያ ሽንፈት ኮርማው ብቻውን እንደማይበቃ አሳየ። ራምስ በ2020 ፍሎይድን፣ በኅዳር 2021 ደግሞ ከዴንቨር ታላቁን የጫፍ ተከላካይ ቮን ሚለርን አመጣ። አሁን ሁለት ሰው የሚያስፈልጋቸው ከብቶች በረከቱ፤ ልጆቹ ግን ያው አምስት ናቸው።

ሁለተኛው በየካቲት 2022፣ በራምስ በራሱ ስታዲየም፣ ከሲንሲናቲ ቤንጋልስ ጋር ነበር። የቤንጋልሱ ኳርተርባክ ጆ በሮው በዚያ ዓመት በመደበኛው ውድድር 51 ጊዜ ተጥሏል፤ ከሊጉ ሁሉ የሚበልጥ ነው። በዚህ ጨዋታ ሰባት ጊዜ ተጣለ፤ ሁለቱ የዶናልድ፣ ሁለቱ የሚለር ነበሩ።

ጨዋታው ሊያልቅ ከአንድ ደቂቃ በታች ቀርቶታል። ራምስ 23 ለ 20 ይመራል፤ ቤንጋልስ ሜዳውን አጋምሷል፤ የሚያስፈልገው አንድ ያርድ ነው፤ የቀረው ሁለት ሙከራ። በሦስተኛው ሙከራ ሯጩ ኳሷን ይዞ ወደ መሐል ገባ፤ ዶናልድ ከኋላ ጨምድዶ ያዘው፣ አንድ ስንዝር አላስኬደውም። አራተኛው፣ የመጨረሻው፦ በሮው ኳሷን ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከዶናልድ ፊት የነበረው አንድ ጋርድ ነው፤ ሌሎቹ በሚለርና በፍሎይድ ተይዘዋል። ዶናልድ ጋርዱን አልፎ በሮውን ከወገቡ ያዘና አሽከረከረው፤ በሮው እየወደቀ ኳሷን ወረወራት፣ መሬት ላይ ወደቀች። በዚያች ቅጽበት ወደ ሜዳው ጥልቅ የሮጠው ተቀባይ ጃማር ቼዝ ጠባቂውን አምልጦ ብቻውን ነበር። አንድ ሰከንድ ተጨማሪ ቢገኝ ቤንጋልስ ዋንጫውን ሊወስድ ይችል ነበር።

ዶናልድ የራስ ቁሩን አውልቆ እየሮጠ የቀለበት ጣቱን አሳየ፤ ለሻምፒዮኖች የሚሰጠው ቀለበት ነው። ያ አራተኛ ሙከራ በመዝገብ ላይ ያልተሳካ ውርወራ ተብሎ ተጻፈ። ሳክ ተብሎ አልተቆጠረም።

ስታዩ ምን ታያላችሁ

በሰኔ 2022 ውሉ ተሻሽሎ፣ ኳርተርባክ ካልሆኑ ተጫዋቾች በዓመት አማካይ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚከፈለው የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በዚያው ዓመት ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ 11 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። በ2023 ተመልሶ 8 ሳክ አስመዘገበ፤ ገና የሊጉ ምርጥ ቡድን ውስጥ እያለ፣ በመጋቢት 2024፣ በ32 ዓመቱ አቆመ። በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች የሚሠለጥኑበት ማዕከል ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ራሱ በከፍተኛ ገንዘብ ስለረዳው ነው።

ስለ ተከላካዩ ኋላ መስመር፣ ተቀባዮችን ስለሚከታተሉት ሰባት ሰዎች፣ በሚቀጥለው ምዕራፍ እናያለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጨዋታ እንድታዩ እለምናችኋለሁ። ለጥቂት ሙከራዎች ኳሷን ተዉአት። ሴንተሩ ኳሷን ሲያነሳ አምስቱን ጠባቂዎች ብቻ ተመልከቱ፤ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ የተደረቡት የት ነው? ያንን ሰው ካገኛችሁ በኋላ ዓይናችሁን ወደ ጎኑ ውሰዱ። ሳክ ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ ከዚያ ጎን ይመጣል።